በላንድሮቨርና በዲኤክስ፦ ከሆሳዕና እስከ ሀደሮ

ወደ ሆሳዕና የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም፤ ሁለት አሮጌ መኪኖችን መርምሬ ፍርድ እንድሰጥ ተጠርቼ ነው። አዳማ ያሉ የሰፈሬ ሰዎች «ለአሮጌ መኪና ብለህ ይህን ሁሉ መንገድ?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። ከተመለስኩ በኋላ ግን እነዚያው የሳቁት ሰዎች ሱቅ በራፍ ላይ እያስቆሙ «እስቲ ንገረን» ይሉኛል። አንድን ነገር አሥር ጊዜ ከማውራት አንድ ጊዜ መጻፍ ይሻላል ብዬ ይኸው ጻፍኩት። የሰዎቹን ስም ቀይሬአለሁ፤ የመኪኖቹን አልቀየርኩም።

የጠራኝ ሹራሞ ነው። በወጣትነታችን አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ እሱ ሾፌር፣ እኔ መካኒክ ሆነን ስድስት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተናል። ከዚያ እኔ አዳማ ጋራዥ ከፈትኩ፤ እሱ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ በላንድሮቨር ሰው ማመላለስ ጀመረ። አሁን ሁለታችንም ሥራ አቁመናል። በጥር ወር ደወለልኝና እንዲህ አለኝ፦

«ምሕረት ወደዚህ ተዛውራለች። ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ልጆቿን ትምህርት ቤት የማመላልሰው እኔ ነኝ። ግቢው ውስጥ ቤት ልትሠራ ስለሆነ ደግሞ ለሁለት መኪና ቦታ የለም፤ አንዱ መሄድ አለበት። የልጅ ልጆቼ የሚጫኑበት ስለሆነ እኔ አልወስንም። አንተ ና፣ ሁለቱንም እይ፤ የምትለውን እቀበላለሁ።»

ምሕረት የበኩር ልጁ ናት፤ አስተማሪ። ልጆቿ የሰባትና የአምስት ዓመት ናቸው። ሁለት ሕፃናት ጠዋትና ማታ ከተማውን አቋርጠው የሚሄዱበትን መኪና ፍሬን በስልክ መመርመር አይቻልም። የመፍቻ ቦርሳዬን ይዤ ተነሳሁ።

ሰኞ

ከአዳማ በጠዋት ወጥቼ በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ አድርጌ ቡታጅራ የደረስኩት ለምሳ ነው። ዝዋይ አሁን ባቱ ናት፤ የኔ አፍ ነው ያልለመደው። መንገድ ላይ አንድ ፍተሻ ነበር። ፖሊሱ ቦርሳዬን ከፍቶ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ መዶሻና ክሪክ ሲያይ ቀና አለና «አባት፣ ልብስዎ የታለ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከአንድ ቅያሪ ሸሚዝ በቀር ልብስ አልያዝኩም። ጃኬትማ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። አዳማ የሚኖር ሰው ጃኬት የሚገዛው ፎቶ ለመነሳት ነው።

ቡታጅራ ክትፎ በላሁ። እኛ ጋ ክትፎ ስታዝ ቆጮ ሁለት ቁራጭ ለወጉ ጣል ይደረግልሃል፤ እዚያ ቆጮው ራሱ ሙሉ ሰሃን ሆኖ ቀረበ፣ አልጨረስኩትም። ከዚያ ሌላ ሚኒባስ ይዤ ወደ ሆሳዕና ስንወጣ ብርዱ በመስኮቱ ቀዳዳ ይገባ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት መንቀጥቀጤን አይተው የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ወራቤ ሲወርዱ ጋቢያቸውን ሰብስበው «ሆሳዕና ከዚህ ይብሳል» ብለው አስጠነቀቁኝ።

ሹራሞ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከጎኑ ሆኜ እጄን አውለበለብኩለት፤ ዝም አለ። ስሙን ስጠራ ነው ዞሮ ያቀፈኝ። ጸጉሬ ስላለቀ አላወቀኝም ብዬ በሆዴ አዘንኩ። እሱ ግን ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ፤ ያን ኮት እስክመለስ አላወለቅሁትም።

ሆሳዕና ዳገትና ቁልቁለት ናት። አዳማ ባጃጅ ሜዳ ላይ እንደ ልቡ ይከንፋል፤ እዚህ ባጃጁ ዳገት ላይ ሲያቃስት ወርደህ ልትገፋው ያምርሃል። በየግቢው እንሰት አለ፤ ቅጠሉ ከአጥሩ በላይ ይታያል። የሹራሞ ባለቤት ታደለች አታካና ሠርታ ጠበቀችን። አታካና ማለት በቅቤ የበሰለ የቡላ ገንፎ በሉት። እነሱ ጴንጤዎች ስለሆኑ ሹራሞ ከምግቡ በፊት ረጅም ጸሎት አደረገ፦ ስለ መንገዱ፣ ስለ አዳማ፣ ስለ ልጅ ልጆቹ፣ ቀጥሎም ስለ ሁለቱ መኪኖች። እኔ ሁለት ጊዜ አለቀ ብዬ «አሜን» ብዬ እጄን ዘርግቼ መልሻለሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት ግቢው ውስጥ ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን አገኘኋቸው። ላንድሮቨሩ የንጉሡ ዘመን ነው፤ ከኔ ቢያንስ በጥቂት ነው። ትርፍ ጎማው ኮፈኑ ላይ ተጭኗል፣ መስኮቱ በእጅ እየተገፋ ይከፈታል፣ ከወንበሩ ሥር ያለው የነዳጅ ታንከር ሲከፈት ቤንዚኑ ይሸታል። ዲኤክሷ በደርግ ጊዜ የገባች ነጭ ቶዮታ ናት፤ መሪዋ ላይ የበግ ቆዳ ለብሳ፣ የካሴት ማጫወቻዋ እንኳ ሳይነቀል ቁጭ ብላለች።

ስለ ሁለቱ የማስበውን እዚሁ ልናገር። ላንድሮቨር ሁሌም አንድ ነገር ያመዋል፤ ግን የሚያመውን ይነግርሃል፣ በሽቦና በመዶሻም ታድነዋለህ። የሠሩት ሰዎች መንገድ ይኖራል ብለው አላሰቡም። ዲኤክስ መንገድ አለ ብላ ተማምና የተሠራች ናት፤ አትናገርም፣ አታቃስትም፣ ዘይቷን ብቻ ለውጥላት። አንዱ ጭቃ ውስጥ ጓደኛ ነው፤ ሌላዋ አስፋልት ላይ። እኔ በልቤ ገና ከአዳማ ሳልወጣ ለዲኤክሷ ፈርጄ ነበር፤ ለሕፃናት ጸጥ ያለ መኪና ይሻላል።

ያን ቀን በላንድሮቨሩ ሞርሲቶ ሄድን፤ የታደለች እህት እዚያ ናት። ፊት ለፊት ሦስት ሆነን ተቀመጥን፦ ሹራሞ መሪ ላይ፣ ታደለች መሐል፣ እኔ በር ጋ። መሐሉ ለእንግዳ ምቹ ነው ብዬ ስጠብቅ እሷ ቀድማኝ ገባች። ከግቢ ከወጣን ጀምሮ ሴትዮዋ ወሬዋን አላቋረጠችም። በሀዲይኛ ነው የምታወራው፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አጭር አጭር እያደረገች፣ ዓይኗን ከፊት መስታወቱ ሳትነቅል። ሹራሞ አይመልስላትም፤ ይነዳል ብቻ። አርባ ዓመት በትዳር ከኖሩ በኋላ እንዲህ ነው የሚሆነው ብዬ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

አነዳዱ ግን ድሮ የማውቀው ነው። ኮረኮንቹ ላይ ማርሹን ሳያስጮህ ይለውጣል፣ ከብት ሲመጣ ገና ከሩቅ ፍጥነቱን ያበርዳል። አንድ ጊዜ ጠመዝማዛ ላይ የኔ በር ተከፍቶ ግማሽ አካሌ ውጭ ቀረ። ታደለች በኮቱ ቀበቶ ጎትታ መለሰችኝ። ከዚያ በኋላ በሩን በገመድ አስረን ቀጠልን። ገመዱ ለዚሁ ተብሎ ከወንበሩ ጀርባ የተቀመጠ ነበር።

ሞርሲቶ እህትየዋ እርጎ፣ ቆጮና አይብ አቀረቡልን። ሳንጨርስ እንዳንነሳ በሩ ላይ ቆሙ። አዳማ ለእንግዳ «ብላ እንጂ» ይባላል፤ እዚያ አይባልም፣ ዝም ብሎ ይጨመራል። ስንመለስ ላንድሮቨሩ ሥር ገብቼ ሻንሲውን፣ ባሌስትራውንና ፍሬኑን አየሁ። ለዕድሜው የሚገርም ጤና ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ሻንሲ ደህና፣ ፍሬን ደህና፣ የቀኝ በር ገመድ» ብዬ ጻፍኩ።

ረቡዕ

ዛሬ የዲኤክሷ ተራ ነው። ዕቅዳችን በአንጋጫ አድርገን ዱራሜ፣ ከዚያ ሀደሮ ሄደን ሐጂ ኑሪ ቤት ማደር ነበር። ሐጂ ኑሪ የዝንጅብል ነጋዴ ነው፤ የሹራሞ የብዙ ዘመን ወዳጅ። ታደለች ደግሞ ዱራሜ ለቅሶ አለባት፤ የአጎቷ ልጅ ባሏ ሞቶባታል።

እንደገና ፊት የተቀመጠችው ታደለች ናት። ከኋላ ብቻዬን እንደ ዕቃ ተጫንኩ። ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ እኛ ጋ እንግዳ ከኋላ አይቀመጥም። እሷ ወሬዋን ጀመረች፣ እሱ ይነዳል። ዲኤክሷ ስትሄድ ሞተሯ አይሰማም። አንጋጫ ድረስ አንድም ቦታ ሰው አላስደነገጥንም፣ አንድም ጉብታ ላይ አልዘለልንም። ትናንት በላንድሮቨር የተንገላታ ወገቤ አረፈ።

ዱራሜ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጥቂት ተቀመጥን፤ ንፍሮ ቀመስን። ታደለች እዚያ ልታድር ነው። ልንሄድ ስንል መኪናው ድረስ ሸኘችን፤ እጄን ይዛ በአማርኛ አለችኝ፦

«ወንድሜ ወርቁ፣ አሁን አንተ ፊት ተቀመጥ። ዝም አትበለው። መንገዱን እያየህ አዋራው፣ እሺ?»

«እንቅልፍ ይወስደዋል ብለሽ ፈርተሽ ነው?»

«አዋራው ብቻ» አለች።

እሺ አልኩ። ንፍሮና ሙቅ ፀሐይ ግን አይጣል ነው፤ ከዱራሜ ብዙም ሳንርቅ እኔው ራሴ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት ራሴ ከጣሪያው ጋር ሲላተም ነው። አንድ ትልቅ ጉብታ ላይ ሳንበርድ ወጥተናል።

«ፍሬኗ ነው» አለ ሹራሞ። «አንዳንዴ አልይዝ ትላለች።»

ይህን ሰምቼ እንቅልፌ ጠፋ። የፍሬን ነገር ከሆነ ለሕፃናት አትሆንም ማለት ነው። ጆሮዬን ጥዬ ማዳመጥ ጀመርኩ፤ የብረት ድምፅ የለም፣ የጎማ ድምፅ የለም። ሀደሮ ልንደርስ ስንል መንገዱ ዳር በስተቀኝ ሸራ ተነጥፎ ዝንጅብል እንዲደርቅ ተሰጥቷል። እኔ ሁሉ ሰው የሚያየውን ነገር እሱም እያየ መስሎኝ ዝም አልኩ። የቀኝ ጎማዎቻችን ከሸራው ጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት።

አንዲት ሴት በከምባትኛ እየጮኸች ከቤት ወጣች። መኪናችን ሲቆም ደግሞ ወደ አማርኛ ለወጠችው፦ «ዓይን የለህም ወይ? ይሄ ሁሉ መንገድ እያለ! ዓይን የለህም?»

ሹራሞ ወርዶ ቆመ። ሴትዮዋ ተጠግታ ፊቱን አየችና ድምፅዋ ወረደ።

«ሹፌር ሹራሞ? የላንድሮቨሩ?»

«ነኝ» አለ።

«እናቴ እኔን ስታምጥ ክረምት ነበረ፤ ሆሳዕና ሆስፒታል ያደረስካት አንተ ነህ አሉ። ስምህን እየነገረችኝ ነው ያደግሁ።» ከዚያ የተጨፈለቀውን ዝንጅብል አየች፣ እኛን አየች፣ ሳቀችም። «ምን ላድርግህ እንግዲህ!»

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ሦስታችን ቁጢጥ ብለን የተጨፈለቀውን ለየን፣ የቀረውን መልሰን አሰጣን። ሹራሞ የሚለቅመው በእጁ እየዳሰሰ ነበር፤ ወገቡን አሞት ነው ብዬ አለፍኩት። ሴትዮዋ ለብርዴ ብላ አንድ እፍኝ ዝንጅብል ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። «ከዚህ እኔ ልንዳ» ስለው ሹራሞ ቁልፉን ያለ ክርክር ሰጠኝ። አርባ ዓመት የነዳ ሾፌር መሪውን ያለ ጠብ ሲለቅ ሊገርመኝ ይገባ ነበር፤ ልቤ ግን ፍሬኑ ላይ ነው።

ሐጂ ኑሪ ቤት ስንደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ክሪኬን አውጥቼ አራቱንም ጎማ ፈታሁ። የፍሬን ሸራው ገና አዲስ ነው። ዘይቱ ሙሉ ነው። መሪው ላይ የላላ ነገር የለም። አራት ጊዜ ግቢው ውስጥ እየነዳሁ ፍሬን ያዝኩባት፤ አራቴም ባለችበት ተተከለች።

«ምንም የለባትም» አልኩት።

«አንዳንዴ ነው የሚያደርጋት» አለ።

መካኒክ የሆነ ሁሉ ይህቺን ቃል ያውቃታል። የማይገኝ ብልሽት ሁሉ ስሙ «አንዳንዴ» ነው። እጄን በላምባ ታጥቤ ገባሁ።

ሐጂ ኑሪ ሰፊ ሰው ነው፤ ሆዱም ልቡም። የኔን ነገር ሹራሞ አስቀድሞ ነግሮት ኖሮ «ረቡዕ ነው፣ ጾም አለብዎት» አለኝ፤ ባለቤቱ ለኔ ለብቻ ሽሮና ጎመን በዘይት ሠርታ ቆየችኝ። እስላም ቤት፣ ጴንጤ ወዳጅ ይዤ፣ የኦርቶዶክስ ጾሜን ጾምኩ። አዳማ ይህን ስናገር አንዳንዱ ይገረማል፤ እነሱ ግን ነገሬም አላሉት። ሐጂው ሶላቱን ሰግዶ ሲመለስ ሹራሞ በምግቡ ላይ ጸለየ፤ እንግዳ በመሆኑ ዛሬ አሳጠረው።

ሐሙስ

ሐጂ ኑሪ ለዝንጅብሉ የጭነት መኪና ለመነጋገር አዲሎ የሚሄድ ስለነበር አብሮን ተነሳ። እስከ ዱራሜ እኔ ነዳሁ። ታደለች ለቅሶው ቤት በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ወደ መኪናው መጥታ መጀመሪያ ያየችው ባሏን አይደለም፤ የመኪናዋን መብራትና መከላከያ ነው።

ከዚያ ሹራሞ መሪውን ያዘ። ልከለክለው ነበር፤ በሚስቱ ፊት ግን ነውር መሰለኝ። ታደለች ፊት፣ እኔና ሐጂ ኑሪ ከኋላ ተቀመጥን። እሷ ወሬዋን ጀመረች። ዲኤክሷም ዳነች! ትናንት ዝንጅብል የጨፈለቀች መኪና፣ ዛሬ ጉብታ ሲመጣ ገና ከሩቅ ትበርዳለች፣ ባጃጅ ሲቆም ቀስ ትላለች። ነገሩ እልህ አስያዘኝ። መካኒክ ሳይነካት የምትድን መኪና አላውቅም።

ወሬዋንም ልብ ብዬ ማዳመጥ የጀመርኩት ያኔ ነው። ትናገራለች፤ መኪናው ይበርዳል። ትናገራለች፤ መሪው ወደ ግራ ይላል። ቋንቋው አይገባኝም እንጂ ጊዜው ይገባኛል። ወደ ሐጂ ኑሪ ዘንበል አልኩ። ሀዲይኛ ከኔ አማርኛ ባላነሰ ያውቃል።

«ሐጂ፣ ምን እያለች ነው?»

«ወሬ ነው» አለ፤ ከዚያ ዝም ብሎ አዳመጠ። «ከቀኝ ሁለት ፍየል አለ፣ ነው የምትለው።»

በስተቀኝ ሁለት ፍየሎች አለፉን።

«አሁንስ?»

«ጀሪካን የያዘች ሴት ልትሻገር ነው። ቀስ በል።»

መኪናው ቀስ አለ። ሴትዮዋ ተሻገረች።

«አሁንስ?»

ሐጂ ኑሪ አፉን በእጁ ሸፍኖ ለብቻው «ሱብሃነላህ» አለ። ገባው። እኔም ገባኝ። አዲሎ እስክንደርስ ታደለች ብቻ ትናገር ነበር።

አዲሎ የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ ጭነት መኪና፣ አውቶቡስ፣ በርበሬ የሚሸጡ፣ ሙዝ የሚሸጡ። ሞጆን ያስታውሰኛል፤ ሞጆ ላይ ግን ማንም ለማንም ሰላም አይልም፣ እዚህ ሹራሞ ሰላም ለማለት ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሐጂ ኑሪ ክንዱን ያዝ አድርጎ ይዞት ሄደ። እኔና ታደለች መኪናው ጋ ቀረን።

«ስንት ጊዜ ሆነው?» አልኳት።

ምኑ አላለችኝም። «ሁለት ዓመት።»

«እሱ ምን ይላል?»

«ምንም። እኔ ወሬ የማበዛ ይመስለዋል፤ አንዳንዴ እንዲያውም ጆሮዬን አደነቆርሽው ይለኛል።» በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «ሌላ ቦታ ችግር የለም፣ አብሬው ነኝ። ልጆቹን ሲያደርስ ግን አብሬው አልሆንም፤ በዚያ ሰዓት ወፍጮ ቤታችንን የምከፍተው እኔ ነኝ። ምን ልበለው? ዕድሜውን ሙሉ ሹፌር ሹራሞ ነው የሚባል። አታይም ልበለው?»

ሹራሞ ሲመለስ «ዲኤክስ መንዳት አምሮኛል» ብዬ ቁልፉን ወሰድኩ። ሐጂ ኑሪን አዲሎ ትተን ወደ ሆሳዕና ስንመለስ ታደለች ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። አንጋጫ ሳንደርስ አንገቷ ዘንበል ብሎ ከባድ እንቅልፍ ወሰዳት። ሆሳዕና ግቢያቸው ገብቼ ሞተር እስካጠፋ አልነቃችም።

ዓርብ

ጠዋት ሙሉ ግቢው ውስጥ መኪኖቹን ሳጸዳ አረፈድኩ፤ የሚጸዳ ነገር ስለነበረ ሳይሆን ሹራሞን ብቻውን ለማግኘት። ምሳ ላይ ምሕረት ልጆቿን ይዛ ትመጣለች፤ ፍርዱ ያኔ ይነገራል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ልል አልችልም፤ ሕፃናት አሉበት። ጎሕ ከቀደደ ጀምሮ አንድ የተለሳለሰ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ሹራሞ መጥቶ የላንድሮቨሩን ኮፈን ደገፍ ሲል ግን ሌላ ወጣኝ።

«ሁለቱም መኪኖች ደህና ናቸው። የማታየው አንተ ነህ።»

በእጅጌው ኮፈኑን ጠረገ፤ የጠረገው እኔ የጠረግሁትን ቦታ ነው።

«ስንት ቀን ፈጀብህ?» አለኝ።

«አራት።»

«ጎበዝ ነህ። ልጆቼ ሁለት ዓመት አልደረሱበትም።» ከዚያ በረጋ ድምፅ ነገረኝ። ለታደለች ወገቤን ልታከም ብሎ አዲስ አበባ ዓይን ሐኪም ጋ ሄዷል። የዓይን ግፊት ነው ብለውታል፤ ዳር ዳሩን በልቶታል፣ መሐሉ ገና አለ። የሚያዘገየው ጠብታ ይሰጡታል፤ የጠፋውን የሚመልስ ግን የለም።

ጮህኩበት። «ታዲያ ይህን እያወቅህ ነው ሕፃናት ልትጭን? ታደለችስ ፍየል ስትቆጥርልህ እያወቅህ ነው?»

«አትጩህ፣ ትሰማለች። እሷ የማላውቅ ይመስላታል፤ ይምሰላት።» ወደ ቤቱ ዞር ብሎ አዳመጠ። «ልጆቹን ልጭን አይደለም። አንተን ለዚህ አይደል የጠራሁህ?»

«መኪና እንድመርጥ ነው የጠራኸኝ!»

«ወርቁ» አለኝ፤ ፈገግ ሊል እየሞከረ። «ይህን ሁሉ ዘመን መኪና ስትፈታ ኖረህ፣ በሁለት አሮጌ መኪና ላይ አንድ ብልሽት ማግኘት አቃተህ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ገባኝ፤ ሲገባኝ ደግሞ አፈርኩ።

«እኔ ዓይኔ ጠፋ ብል፣» አለ፣ «ነገ ጸሎት ይያዝልኛል፣ ከነገ ወዲያ ሰው እጄን ይዞ መንገድ ያሻግረኛል። ታደለችም ያ ሁሉ ድካሟ ይታወቃል፣ ትሸማቀቃለች። መኪናው አርጅቷል ቢባል ግን ማን ምን ይላል? ከአዳማ ድረስ መካኒክ አስመጥቶ፣ መካኒኩ አይሆንም አለ። አለቀ።»

እኔ በሕይወቴ አንድ የምኮራበት ነገር ቢኖር ያልተበላሸ መኪና ተበላሽቷል ብዬ አለማወቄ ነው። ይህን ያደረጉ ሁለት ሠራተኞች ከጋራዤ አባርሬአለሁ። ይህንኑ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። በዚህ መሐል የምሕረት ልጆች በሩን ከፍተው ሮጠው ገቡ፤ ትንሿ ላንድሮቨሩ ላይ ለመውጣት የአያቷን እጅ ያዘች። አፌን ዘጋሁ።

ምሳው ቆጮ በጎመን ነበር፤ ስለ ጾሜ ሁሉም ጾሙልኝ። ሹራሞ ጸለየ። ዛሬ ስለ መኪኖቹ አልጸለየም። ምሕረት አላስቻላትም።

«ጋሼ ወርቁ፣ እንግዲህ የትኛው ተመረጠ?»

«ሁለቱም አይሆኑም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «የላንድሮቨሩ ሻንሲ ከሥሩ ተሰንጥቋል። የዲኤክሷ መሪ ዕድሜው አልቋል፤ አንድ ቀን በድንገት ይለቃል። ልጆች የሚጫኑባቸው አይደሉም። እንደ እውነቱ ማንም ሊነዳቸው አይገባም።»

ታደለች ወጥ የምትጨምርበትን ጭልፋ እንደያዘች ቆመች። አየችኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ።

«ሁለቱም?» አለች ምሕረት። «ትናንት ከአዲሎ ድረስ ደህና መጥታችሁባት የለም እንዴ?»

«እግዚአብሔር ጠብቆን ነው» አልኩ። በዚያ ቤት ይህን የሚከራከር ሰው የለም። ምሕረት ትንሽ አሰበችና ለልጆቹ ከጎረቤት ባጃጅ ጋር እንደምትነጋገር ተናገረች። ታደለች ተቀመጠች። ጭልፋውን ትሪው ላይ አኖረችው።

ሹራሞ ከኮቱ ኪስ ሁለቱን ቁልፎች ሊያወጣ ፈለገና ኮቱ እኔ ላይ መሆኑ ትዝ አለው። እኔው አውጥቼ እጁ ላይ አኖርኳቸው። በልጁ ፊት አስቀመጣቸው።

«ምን ይደረግ» አለ። «መኪና ያረጃል።»

ከዚያ ትሪውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ በላ፤ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያ ሲበላ አላየሁትም።